ዊንዶውስ፣ ማክ ወይስ ሊኑክስ? የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ የሚያጠነጥኑት በአንድ ጉዳይ ላይ ነው። ዊንዶውስ ይሻላል፣ የለም ማክ ነው፣ ኧረ ሊኑክስን የሚያህል የለም። ይህን ክርክር እወደዋለሁ። ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ የሚውል ሰው ስለሚሠራበት ነገር የራሱ አቋም ቢኖረው ጥሩ ነው። የሚያሳስበኝ፣ በጓደኛ ግፊት ለሥራው የማይሆን ሲስተም ጭኖ ወራት የሚቸገር ሰው መብዛቱ ነው። ስለዚህ የዛሬውን ዓምድ ለዚሁ ሰጠሁት። የምጠቅሳቸው ዓመታትና ቀኖች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ እኔ ዊንዶውስ፣ ወንድሜ ደግሞ ማክ ነው የምንጠቀመው። በተገናኘን ቁጥር እንጨቃጨቃለን። እስቲ አንተ ፍረደን፤ የትኛው ነው የሚበልጠው?

መልስ፦ ለመፍረድ ምን እንደምትሠሩ ማወቅ ነበረብኝ። እሱን አልነገርከኝም። ኦፐሬቲንግ ሲስተም ብቻውን የሚሰጥህ ነገር ጥቂት ነው። ሃርድዌሩን ከፕሮግራሞችህ ጋር ያገናኛል፣ ራሙን (የኮምፒውተሩን ጊዜያዊ ማስታወሻ) ያከፋፍላል፣ ፋይሎችህን በቦታቸው ያስቀምጣል። አንተ የምትውለው ከፕሮግራሞቹ ጋር ነው። የምትፈልገው የሒሳብ ፕሮግራም በዊንዶውስ ብቻ የሚሠራ ከሆነ የማክ ውበት ምንም አይፈይድልህም። ወንድምህ ቪዲዮ የሚያቀናብረው በፋይናል ከት ከሆነም ዊንዶውስ አይሆነውም፤ ፋይናል ከት ከአፕል ዕቃዎች ውጭ አይሠራም።

ሦስቱን ሳወዳድር ሁልጊዜ የምመለስበት አንድ ነጥብ አለኝ። የእያንዳንዳቸው ጥንካሬና ድክመት የሚመነጨው ከአንድ ቦታ ነው። ዊንዶውስን ውሰድ። ማይክሮሶፍት የድሮ ፕሮግራሞችን ቶሎ አይጥልም። በዊንዶውስ 95 ጊዜ የተጻፉ ብዙ ባለ 32 ቢት (የድሮው ዓይነት) ፕሮግራሞች ዛሬም ዊንዶውስ 11 ላይ ይከፈታሉ። ለድርጅቶች ይህ ትልቅ ነገር ነው። ግን ያን ሁሉ አሮጌ ነገር ተሸክሞ መሄድ ዋጋ ያስከፍላል። አንድ ማስተካከያ በአዲሱ ሴቲንግ ውስጥ ፈልገህ አጥተኸው በድሮው ኮንትሮል ፓነል የምታገኘው ለዚህ ነው።

አፕል ደግሞ ኮምፒውተሩንም ሲስተሙንም ራሱ ይሠራል። ሁለቱ እርስ በርስ ስለሚተዋወቁ ክዳኑን ስትከፍት ማሽኑ ወዲያው ይነቃል፣ ባትሪውም ይቆያል። የዚያኑ ያህል ግን አፕል በቃ ሲል በቃ ነው። በ2019 የወጣው ማክኦኤስ ካታሊና ባለ 32 ቢት ፕሮግራሞችን በሙሉ በአንድ ጊዜ ከጥቅም ውጭ አደረጋቸው። ከፍለህ የገዛኸው ፕሮግራም ቢሆንም ለውጥ የለውም።

ሊኑክስ ውሳኔውን ለአንተ ይተዋል። የመስኮቱ መልክ፣ የአፕዴቱ ጊዜ፣ የሚጫነውና የማይጫነው፣ ሁሉም በእጅህ ነው። ውሳኔው ያንተ ሲሆን ጣጣውም ያንተ ነው። የዋይፋይ ካርድህ አልሠራ ቢል ደውለህ የምትጠይቀው ኩባንያ ላይኖር ይችላል።

ስለዚህ ከወንድምህ ጋር ስትገናኙ አንድ ነገር ሞክሩ። በየቀኑ የምትከፍቷቸውን ፕሮግራሞችና የምትሰኳቸውን ዕቃዎች፣ ፕሪንተሩንም ስካነሩንም፣ ወረቀት ላይ ጻፉ። ከዚያ እያንዳንዱ በየትኛው ሲስተም እንደሚሠራ አረጋግጡ። ጭቅጭቁ እዚያው ያልቅ ይሆናል።

ጥያቄ፦ ላፕቶፔ ምንም አልሆነም፤ ደህና ይሠራል። ዊንዶውስ 11 ልጫን ስል ግን "ይህ ኮምፒውተር መስፈርቱን አያሟላም" ይለኛል። ልጄ አዲስ ግዛ ይለኛል። እኔ ደግሞ የሚሠራ ዕቃ መጣል ይከብደኛል። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ አባቴ፣ አይጣሉት። ጭንቀትዎ ግን ተገቢ ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል። ይህ ማለት ኮምፒውተርዎ ይቆማል ማለት አይደለም። ትናንት እንደሠራ ዛሬም ይሠራል። ነገር ግን ከዚያ ቀን በኋላ የሚገኙ የደኅንነት ቀዳዳዎች እንደ በፊቱ በራሳቸው አይደፈኑም። ባንክዎን የሚያዩበት፣ ደብዳቤዎን የሚጽፉበት ማሽን ከሆነ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

መጀመሪያ ምን እንደጎደለው ይወቁ። ማይክሮሶፍት ራሱ ያዘጋጀው "ፒሲ ሄልዝ ቼክ" የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ። እሱ ለይቶ ይነግርዎታል። ዊንዶውስ 11 ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራም፣ 64 ጊጋባይት የማስቀመጫ ቦታ፣ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕ፣ እንዲሁም በዝርዝሩ ላይ ያለ ፕሮሰሰር ይጠይቃል። ኢንቴል ከሆነ በአብዛኛው ከ8ኛው ትውልድ ጀምሮ ያሉት ናቸው የሚያልፉት። የጎደለው ቲፒኤሙ ብቻ ከሆነ ተስፋ አይቁረጡ። ብዙ ላፕቶፖች ላይ ቺፑ አለ፣ ግን ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ መጀመሪያ የሚሠራው ፕሮግራም) ውስጥ ተዘግቷል። ልጅዎ ወይም ኮምፒውተር የሚጠግን ሰው በጥቂት ደቂቃ ይከፍትልዎታል።

የጎደለው ፕሮሰሰሩ ከሆነ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ጊዜ መግዣ ነው። ማይክሮሶፍት ለግለሰቦች የተራዘመ የደኅንነት አፕዴት አዘጋጅቷል፤ እስከ ኦክቶበር 13 ቀን 2026 ነው ያለው። መመዝገቢያው ዊንዶውስ አፕዴት ገጽ ላይ ይገኛል። ሁለተኛው መንገድ ወደ ሊኑክስ መሄድ ነው። በእርስዎ ቦታ ብሆን እኔ የምመርጠው ይህን ነው። ሊኑክስ ሚንት የሚባለውን የሊኑክስ ዓይነት በፍላሽ ላይ አድርጎ፣ ምንም ሳይጭኑ፣ ኮምፒውተሩን ከፍላሹ ማስነሳት ይቻላል። ዊንዶውስዎ አይነካም። ዋይፋዩ ይሠራል ወይ? ድምፁስ? ፕሪንተሩስ? ሁሉንም ፈትሸው፣ ካልተመቸዎት ፍላሹን ነቅለው ወደ ነበሩበት ይመለሳሉ። ከተመቸዎት ፋይሎችዎን ሌላ ቦታ ባክአፕ ካደረጉ በኋላ ብቻ ያስጭኑ። ይህቺን "ብቻ" የምትለዋን ቃል አደራ።

መስፈርቱን በዘዴ አልፈው ዊንዶውስ 11ን በግድ የሚጭኑ ሰዎች እንዳሉ ይሰሙ ይሆናል። ይቻላል። ነገር ግን ማይክሮሶፍት እንደዚያ ለተጫነበት ማሽን አፕዴት ለመስጠት አይገደድም። ደኅንነት ፈልገው የገቡበት ነገር በዋናው ጉዳይ ላይ ዋስትና ከሌለው ምን ጥቅም አለው?

አንድ ነገር ልጨምር። ላፕቶፕዎ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ያለው ከሆነ በኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ክፍል በሌለው ፈጣን ማስቀመጫ) ያስቀይሩት። የትኛውንም ሲስተም ቢመርጡ፣ ለአሮጌ ማሽን ከዚህ የሚበልጥ ለውጥ አላውቅም።

ጥያቄ፦ ማክ ቫይረስ አይዘውም ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ አይደለም። በ2012 ፍላሽባክ የሚባል አደገኛ ፕሮግራም በጃቫ ቀዳዳ ገብቶ ወደ 600,000 የሚጠጉ ማኮችን ያዘ። ቫይረስ ዊንዶውስ ላይ የሚበዛው የተጠቃሚው ቁጥር ብዙ ስለሆነ ነው፤ ሌባ ሰው ወደሚበዛበት ይሄዳል። ማክኦኤስ ጠንካራ መከላከያዎች አሉት፤ ይህን አልክድም። ግን አሁን በማክ ላይ የሚበዛው ስርቆት መከላከያውን መስበር አያስፈልገውም። ሐሰተኛ ፕሮግራም ታወርዳለህ፣ ፓስወርድህን ይጠይቅሃል፣ አንተ ራስህ ትሰጠዋለህ። ክራክ የተደረገ (ሳይከፈልበት እንዲሠራ ቁልፉ የተሰበረ) ሶፍትዌር ዋነኛው በር ነው። ይህ በሦስቱም ሲስተም ላይ እኩል ይሠራል።

በሜይ 2017 ዓለምን ያመሰው፣ ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀው ዋናክራይ የገባበትን የዊንዶውስ ቀዳዳ ማይክሮሶፍት የደፈነው በማርች ነበር። ሁለት ወር ቀድሞ ማለት ነው። የተጎዱት አፕዴት ያላደረጉትና ድጋፍ የተቋረጠባቸውን አሮጌ ማሽኖች የያዙት ናቸው። አፕዴት አድርግ።

ጥያቄ፦ የሊኑክስ ኮድ ለማንም ክፍት ነው ይሉናል። ታዲያ ሌባም ያየዋል ማለት አይደል? ደግሞስ በነጻ የሚሠራልን ማን ነው? በነጻ የሚሰጥ ነገር ያስፈራኛል።

መልስ፦ ሁለቱም ጥያቄዎችሽ ተገቢ ናቸው። ከሁለተኛው ልጀምር።

ሊነስ ቶርቫልድስ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ እያለ በ1991 ሊኑክስን ሲጀምር በትርፍ ጊዜው ነበር። ዛሬ ግን እንደዚያ አይደለም። ከርነሉ (የሲስተሙ እምብርት) ላይ የሚሠሩት አብዛኞቹ ደመወዝተኞች ናቸው። ኢንቴል፣ ሬድ ሃት፣ ጉግልና ሌሎችም ይከፍሏቸዋል። ማይክሮሶፍትም አለበት። የሚከፍሉት ለጽድቅ አይደለም። አገልግሎታቸውን በኢንተርኔት የሚያቀርቡባቸው ኮምፒውተሮች፣ ሰርቨሮቻቸው፣ የሚሠሩት በሊኑክስ ስለሆነ ነው። አንድሮይድ ስልክ ውስጥ ያለው ከርነልም ሊኑክስ ነው። ስለዚህ ነጻ መሆኑ አያስፍራሽ። ወጪው አለ፤ የሚሸፍኑት ሌሎች ናቸው።

ወደ ሌባው ልምጣ። አዎ፣ ሌባም ያየዋል። በ2024 የሆነውን ልንገርሽ፤ ይህ ታሪክ የክፍት ኮድን ደካማ ጎንም ጠንካራ ጎንም አንድ ላይ ያሳያል። ኤክስዜድ የምትባል ፋይል ለማመቅ የምታገለግል ትንሽ ፕሮግራም አለች። ብዙ የሊኑክስ ሲስተሞች ይጠቀሙባታል። እሷን የሚንከባከበው በዋናነት አንድ በጎ ፈቃደኛ ነበር። በሐሰት ስም የመጣ ሰው ዓመታት ወስዶ ጥሩ ጥሩ ሥራ እየላከ አመኔታ አተረፈ። ቁልፉን ከተረከበ በኋላ በስሪት 5.6.0 እና 5.6.1 ውስጥ የጓሮ በር ሸጎጠ። ያ ነገር ሳይታወቅ ተስፋፍቶ ቢሆን በርካታ ሰርቨሮችን ከሩቅ መክፈት ይቻል ነበር።

የደረሰበት አንድሬስ ፍሮይንድ የሚባል መሐንዲስ ነው። የሚሠራው ማይክሮሶፍት ውስጥ ነው። ወደ ሰርቨር ሲገባ ግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየት አየ። ሌላ ሰው ቢሆን ይተወው ነበር። እሱ ግን ምክንያቱን ፈለገ፣ ኮዱን መረመረ፣ በማርች መጨረሻ ለዓለም ይፋ አደረገ። ያን ጊዜ የተበከለው ስሪት የደረሰው በአብዛኛው ለሙከራ በወጡ ሲስተሞች ላይ ብቻ ነበር።

ከዚህ ምን እንውሰድ? ሌባው የገባው በሩ ክፍት ስለነበረ ነው። የተያዘውም በሩ ክፍት ስለነበረ ነው። ፍሮይንድ ኮዱን ማየት ባይችል መዘግየቱን አይቶ ምን ያደርግ ነበር? እኔ ክፍት ኮድን የምደግፈው በዚህ ምክንያት ነው። ግን ሁሉም ሰው ማየት ይችላል ማለት ሁሉም ያያል ማለት አይደለም። ሚሊዮኖች የሚጠቀሙበትን ነገር ለአንድ ለደከመው ሰው ትቶ መሄድ ነውር ነው፤ ትልልቆቹ ኩባንያዎች እዚህ ላይ ዕዳ አለባቸው ብዬ አምናለሁ።

ጥያቄ፦ ማክ ላይ የጻፍኩትን ፍላሽ ዊንዶውስ አያነበውም፤ የዊንዶውሱን ደግሞ ማክ ላይ መጻፍ አልችልም። መላ በለኝ።

መልስ፦ ፍላሹን ኤክስፋት በሚባለው ዓይነት ፎርማት አድርገው። ሦስቱም ሲስተሞች ያነቡታል፣ ይጽፉበታል። ማክ ላይ መጻፍ ያልቻልከው ማክ ኤንቲኤፍኤስ የሚባለውን የዊንዶውስ ፎርማት ማንበብ እንጂ መጻፍ ስለማይችል ነው። ፋት32 እንዳትመርጥ፤ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ ፋይል አይቀበልም። ፎርማት ማድረግ ፍላሹ ላይ ያለውን ሁሉ ያጠፋዋልና ቀድመህ ገልብጠው። ስትነቅለውም "ኢጀክት" ብለህ ንቀለው።

ጥያቄ፦ የኮምፒውተር ሳይንስ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ጓደኞቼ ሊኑክስ የማይጠቀም ፕሮግራመር አይባልም ይላሉ። እኔ ያለኝ ዊንዶውስ ነው። ወደኋላ እየቀረሁ ነው?

መልስ፦ ወደኋላ አልቀረሽም። እንዲህ ለሚል ሰውም ጆሮ አትስጪ። ዊንዶውስ ላይ ተቀምጠው ድንቅ ሥራ የሚሠሩ ፕሮግራመሮች ሞልተዋል። ግን ጓደኞችሽ ከተናገሩት ውስጥ ልትወስጂው የሚገባ እውነት አለ። ሊኑክስን ማወቅ ያስፈልግሻል።

ምክንያቱ ሥራው ያለው እዚያ በመሆኑ ነው። የምትጽፊው ዌብሳይት ወይም አገልግሎት ነገ የሚቀመጠው በብዛት ሊኑክስ ሰርቨር ላይ ነው። ከኖቬምበር 2017 ወዲህ በዓለም 500 ፈጣን ሱፐርኮምፒውተሮች ዝርዝር ውስጥ ያሉት በሙሉ የሚሠሩት በሊኑክስ ነው። የተርሚናሉን (ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበትን መስኮት) ቋንቋ ሳታውቂ ከትምህርት ቤት ብትወጪ የመጀመሪያ ሥራሽ ላይ ትቸገሪያለሽ።

ለዚህ ግን ዊንዶውስሽን ማጥፋት የለብሽም። ማይክሮሶፍት ከ2016 ጀምሮ ሊኑክስን ዊንዶውስ ውስጥ የሚያስኬድ ነገር አቅርቧል፤ ደብልዩኤስኤል ይባላል። ሁለተኛው ስሪት እውነተኛ የሊኑክስ ከርነል ይዟል። አንድ ትእዛዝ ጽፈሽ ኡቡንቱ የሚባለውን የሊኑክስ ዓይነት ማስጫን ትችያለሽ። ራምሽ 8 ጊጋባይት ከሆነ ትንሽ ይከብደዋል፣ ግን ለመማር ይበቃል።

ሁለት ወጥመዶችን ከአሁኑ እወቂ። ሊኑክስ በትልቁና በትንሹ የእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፈን የፋይል ስም እንደ ሁለት የተለያዩ ስሞች ያያል። ዊንዶውስና ማክ ደግሞ ሳይነካኩ ከተተዉ አንድ አድርገው ያዩታል። ላፕቶፕሽ ላይ የሠራው ፕሮግራም ሰርቨር ላይ "ፋይሉ የለም" የሚልሽ ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። ሌላው የመስመር መጨረሻ ነው። ዊንዶውስ አንድን መስመር የሚዘጋው በሁለት ምልክት ነው፣ ሊኑክስና ማክ በአንድ። የኮድ ለውጦችን የሚመዘግበው ጊት ላይ ምንም ሳትነኪ ፋይሉ በሙሉ ተቀይሯል ካለሽ መጀመሪያ ይህን ጠርጥሪ።

ማክ ላላቸው ጓደኞችሽም አንድ ነገር ልበል። ማክኦኤስ ከዩኒክስ ቤተሰብ ነው፤ ከ2007 ጀምሮ የዩኒክስ ማረጋገጫ አለው። ተርሚናሉ ከሊኑክስ ጋር በጣም ይመሳሰላል። የአይፎን አፕ መሥራት የሚፈልግ ደግሞ ማክ ግድ ይለዋል፤ አፑ የሚሠራበት የአፕል ፕሮግራም ኤክስኮድ ሌላ ላይ አይሠራም።

ጥያቄ፦ በ2024 በአንድ ቀን አውሮፕላን ማረፊያዎችና ሆስፒታሎች የቆሙት ዊንዶውስ ስለተበላሸ ነው። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ትፈልጋለህ? ዊንዶውስ ለከባድ ሥራ አይሆንም።

መልስ፦ ማስረጃህን አየሁት፤ ፍርዱ ግን ትንሽ ቸኩሏል። ጁላይ 19 ቀን 2024 የሆነው ይህ ነው። ክራውድስትራይክ የሚባል የደኅንነት ኩባንያ ለደንበኞቹ ስህተት ያለበት አፕዴት ላከ። ማይክሮሶፍት እንደገመተው 8.5 ሚሊዮን ያህል የዊንዶውስ ማሽኖች ሰማያዊ ገጽ እያሳዩ ወደቁ። ስህተቱ የማይክሮሶፍት አልነበረም። ማክና ሊኑክስ ያልተነኩትም ያ ፋይል የተላከው ለዊንዶውስ ብቻ ስለነበረ ነው።

ያም ሆኖ ጥያቄህ ውስጥ ከባድ ነገር አለ። አንድ የውጭ ኩባንያ ፋይል ተሳሳተ ብሎ ኮምፒውተሩ በሙሉ ለምን ይወድቃል? መልሱ ከርነል የሚባለው የሲስተሙ እምብርት ነው። አንድ ተራ ፕሮግራም ሲሳሳት ራሱ ብቻ ይዘጋል። ከርነል ውስጥ የገባ ኮድ ሲሳሳት ግን ማሽኑን ይዞ ይወድቃል። የክራውድስትራይክ ፕሮግራም አንዱ ክፍል እዚያ ውስጥ ነበር። ማሽኖቹ መነሳት ስላቃታቸው ባለሙያዎች ብዙዎቹን አንድ በአንድ በእጅ ማስተካከል ነበረባቸው።

ይህ ክርክር አዲስ አይደለም። በጃንዋሪ 1992 ሚኒክስ የሚባለውን ሲስተም የሠራው ፕሮፌሰር አንድሩ ታነንባውም ገና በጨቅላ ዕድሜ የነበረውን ሊኑክስን "ጊዜ ያለፈበት" ብሎ ተቸው። የታነንባውም ሐሳብ ግልጽ ነበር። ከርነል ትንሽ መሆን አለበት፤ ድራይቨሩም (ዕቃዎችን ከሲስተሙ ጋር የሚያገናኘው ኮድ) ሌላውም ከእሱ ውጭ ይሁን፣ አንዱ ሲወድቅ ሌላው እንዲተርፍ። ቶርቫልድስ በቁጣ መለሰለት። በንድፈ ሐሳብ የአንተ ያምራል፣ የእኔ ግን ዛሬ ይሠራል የሚል መንፈስ ያለው መልስ ነው። በገበያው ቶርቫልድስ አሸነፈ። የሊኑክስ ከርነል ዛሬም ትልቅ አንድ ወጥ ነገር ነው።

ግን የ2024ቱን ውድቀት ያየ ሰው ታነንባውም ባዶ ወሬ አወራ ሊል አይችልም። አፕል ከካታሊና ጀምሮ የሌሎችን ኮድ ከከርነሉ እያስወጣ ነው። ሊኑክስ ኢቢፒኤፍ በሚባል ዘዴ፣ ኮዱ ተመርምሮ ካለፈ በኋላ ብቻ ከርነል ውስጥ እንዲሮጥ ያደርጋል። ማይክሮሶፍትም ከዚያ ቀን ወዲህ የደኅንነት ፕሮግራሞች ከከርነል ውጭ የሚሠሩበትን መንገድ ከኩባንያዎቹ ጋር ማዘጋጀት ጀምሯል። ዘግይቷል ባይ ነኝ። የዘገየበት ምክንያት ግን መጀመሪያ ላይ ያልኩት ነው። የድሮውን የማይሰብር ሲስተም ትልቅ ለውጥ ለማድረግ ይከብደዋል። አፕል ቆርጦ የጣለው ነገር ዊንዶውስ ላይ ቢቆረጥ ስንት ድርጅት ይጮህ ነበር?

ከባድ ሥራ የሚሠራ ድርጅት ከዚህ የሚማረው ሲስተም ስለመቀየር ብቻ አይደለም። አፕዴትን መጀመሪያ በጥቂት ማሽኖች ሞክሮ ከዚያ ወደ ሌላው የማስተላለፍ ልማድ ቢኖር የብዙዎቹ ጉዳት ይቀንስ ነበር።

ጥያቄ፦ ጌም እወዳለሁ። ሊኑክስ ላይ መጫወት ይቻላል?

መልስ፦ አሁን ይቻላል። ቫልቭ የተባለው ኩባንያ በ2018 ፕሮቶን የሚባል ነገር አወጣ፤ ለዊንዶውስ የተሠሩ ጌሞችን ሊኑክስ ላይ ያስኬዳል። በ2022 የወጣው ስቲም ዴክ የሚሠራው በዚሁ ነው። ብቻህን የምትጫወታቸው ጌሞች አብዛኞቹ ይሠራሉ። ችግሩ በኦንላይን የሚደረጉ ውድድሮች ላይ ነው። ፎርትናይትና ቫሎራንት ማጭበርበርን ከመከላከል ጋር በተያያዘ ምክንያት ሊኑክስ ላይ አይሠሩም። አፔክስ ሌጀንድስም ከ2024 መጨረሻ ጀምሮ ዘግቷል። የምትጫወተው እነዚህን ከሆነ ዊንዶውስህን አትልቀቅ። ማክን ለጌም ብለህ አትግዛ።

ጥያቄ፦ የግራፊክስና የቪዲዮ ሥራ ልጀምር ነው። ማክ ካልገዛሽ ሥራ አታገኚም ተባልኩ። አቅሜ ደግሞ ውስን ነው።

መልስ፦ ደንበኛ የሚያየው ያለቀውን ሥራ ነው። ፎቶሾፕ፣ ኢለስትሬተርና ፕሪሚየር በማክም በዊንዶውስም ይሠራሉ። ሊኑክስ ላይ ግን የአዶቢ ፕሮግራሞች የሉም፤ ስለዚህ ሙያሽ በእነሱ ላይ የቆመ ከሆነ ሊኑክስን ለአሁኑ ተይው። ብሌንደርና ዳቪንቺ ሪዞልቭ ደግሞ በሦስቱም አሉ።

ማክ ጥሩ የሆነበትን ነገር አልሸሽግም። አፕል በኖቬምበር 2020 ኤም1 የሚባለውን የራሱን ቺፕ ካወጣ ወዲህ ላፕቶፖቹ ሳይግሉና ሳይጮሁ፣ ቻርጀር ሳይሰኩ ረጅም ሰዓት ቪዲዮ ማቀናበር ይችላሉ። ከቤት ውጭ ለሚሠራ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን የኤም ቺፕ ያላቸው ማክቡኮች ራም አይጨመርባቸውም። የገዛሽው 8 ጊጋባይት ከሆነ እስከ መጨረሻው 8 ነው። ለቪዲዮ ከ16 በታች እንዳትገዢ።

ያገለገለ ማክ ካሰብሽ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ኢንቴል ፕሮሰሰር ያለውን አትግዢ፣ የቱንም ያህል ቢረክስ። አፕል በ2025 ያወጣው ማክኦኤስ ታሆ የኢንቴል ማኮችን የሚቀበል የመጨረሻው ስሪት እንደሆነ ራሱ አስታውቋል። አቅምሽ ውስን ከሆነ ጥሩ ግራፊክስ ካርድና 16 ጊጋባይት ራም ያለው የዊንዶውስ ማሽን ይሻልሻል። ነገ ራምም ዲስክም የምትጨምሪበት ዓይነት ምረጪ።

ጥያቄ፦ ሊኑክስ ልሞክር ወሰንኩ። ዓይነቱ በዛብኝ፤ ከየትኛው ልጀምር?

መልስ፦ ሊኑክስ ሚንት። ከዊንዶውስ ለመጣ ሰው እንግዳ አይሆንም። ኡቡንቱም ጥሩ ነው፤ ኤልቲኤስ የሚለውን ስሪት ውሰድ፣ አምስት ዓመት አፕዴት ያገኛል። አዲስ ነገር ቶሎ እንዲደርስህ ከፈለግህ ፌዶራ አለልህ፤ እሱ ግን በየዓመቱ ገደማ ወደ አዲስ ስሪት ማሳደግ ይጠይቃል። አርች የሚባለውን ለሌላ ጊዜ አቆየው።

ጥያቄ፦ የምመራው ቢሮ 40 ኮምፒውተሮች አሉት። የላይሰንስ ወጪን ለመቀነስ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ወደ ሊኑክስ ማዞር እፈልጋለሁ። ይሳካል ይላሉ?

መልስ፦ ሐሳብዎ ጥሩ ነው። የሚያሰጋኝ "በአንድ ጊዜ" ያሉት ነው።

ሁለት ትልልቅ ምሳሌዎችን ያስቡ። የጀርመኗ ሙኒክ ከተማ በ2003 ወደ ሊኑክስ ለመሄድ ወሰነች። ሥራው ዓመታት ፈጅቶ ከ14,000 በላይ ኮምፒውተሮች ተቀየሩ። በ2017 ግን ምክር ቤቱ ወደ ዊንዶውስ ለመመለስ ድምፅ ሰጠ። ምክንያቱ ፖለቲካ ነው የሚሉ አሉ፣ የፕሮግራሞች አለመጣጣም ነው የሚሉም አሉ። ዣንዳርሜሪ የሚባለው የፈረንሳይ የፖሊስ ኃይል ደግሞ ሌላ መንገድ ሄደ። በ2005 ሲስተሙን ሳይነካ የቢሮ ፕሮግራሙን ብቻ ወደ ኦፕንኦፊስ ቀየረ። ቀጥሎ ብራውዘሩንና የኢሜይል ፕሮግራሙን ለወጠ። ወደ ኡቡንቱ መሄድ የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው፣ በ2008። ፖሊሶቹ ሲስተሙ ሲቀየርባቸው የሚያውቋቸው ፕሮግራሞች አብረዋቸው ነበሩ። እስከ ዛሬም በዚያው ቀጥለዋል።

እርስዎም እንደዚያ ያድርጉ። አሁን ባለው ዊንዶውስ ላይ ሊብረኦፊስ የሚባለውን ነጻ የቢሮ ፕሮግራም ይጫኑና ሠራተኞችዎ ለተወሰኑ ወራት ይሥሩበት። ትልቁ ፈተና ከሒሳብ ክፍሉ ይመጣል። ኤክሴል ውስጥ የተጻፉ ማክሮዎች (ሥራን በራሳቸው የሚያከናውኑ ትእዛዞች) ካሏቸው ብዙዎቹ ሳይስተካከሉ አይሠሩም። እነሱን ዘርዝረው ይያዙ። ከዚያ በራሳቸው ፈቃድ መሞከር የሚፈልጉ አራት አምስት ሠራተኞችን ይምረጡና የእነሱን ብቻ ወደ ሊኑክስ ያዙሩ። የሒሳብ ክፍሉን በመጨረሻ ያድርጉት፤ ካልሆነም ሁለት ሦስት ማሽን በዊንዶውስ ይቆይ። ምንም ነውር የለበትም።

ለላይሰንስ ይወጣ ከነበረው ገንዘብ የመጀመሪያውን ዓመት ለሥልጠና ይመድቡት። አንድ ሊኑክስ በደንብ የሚያውቅ ሰውም ይቅጠሩ። ያን ሰው ሳያገኙ አንድም ኮምፒውተር አይንኩ።